ኢስሃቅ ምንጭ የወረደ ሰሞን

ዙቤይዳ ሦስተኛ ልጇን የወለደችው በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ቡና በቀላበት ሰሞን ነበር። ከአጋሮ ወጣ ብሎ ባለው መንደራቸው በዚያ ወቅት አራስም አትተኛም። እሸቱ ይለቀማል፣ የተሰጣው ቡና ይገላበጣል፣ ለለቃሚዎቹ ምሳ ይሠራል፤ ውሃው ደግሞ ከታች ከምንጩ በጀርባ ይመጣል። ጅማ ወስዶ የሚሸጠው ባሏ ኢስሃቅ ስለሆነ፣ ሰው ሁሉ «የኢስሃቅ ቡና» ነው የሚለው።

በዚህኛው ወሊድ ግን ደም በዝቶባት ነበርና ኢስሃቅ ፈራ። «አንቺ ተኚ፤ ውሃውን እኔ አመጣለሁ» አላት። ዙቤይዳ የቀለደ መስሏት ሳቀች። እሱ ግን ጄሪካኑን አንስቶ ወረደ። በማግስቱም ወረደ። ዳገቱ ትንፋሹን ሲያሳጥረው፣ እርጉዝ ሆና ስትወጣው የኖረችው ሴት ትዝ አለችውና ራሱን ታዘበ።

አንድ ጠዋት ጎረቤቱ ነጋሳ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ መንገድ ላይ አገኘው።

«ያ ኢስሃቅ! ሻሽም ላምጣልህ እንዴ? አራሷ አንተ ነህ ወይስ እሷ?»

ወንዶቹ በሳቅ ፈነዱ። ውሃ ሊቀዱ የመጡት ሴቶችም ፊታቸውን አዙረው ሳቁ። ኢስሃቅ አብሮ ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ቤት እንደገባ ጄሪካኑን ወረወረው።

«ከነገ ጀምሮ ራስሽ ውረጂ! የሰው መሳቂያ አደረግሽኝ!»

ዙቤይዳ ሕፃኑን አቅፋ ወደ ግድግዳው ዞረች።

በማግስቱ ወረደች። ኢስሃቅ የተሰጣው ቡና አጠገብ ቆሞ ስትሄድ አያት። ሊጠራት አፉን ከፈተ፤ ነጋሳ ከአጥሩ ማዶ ነበርና ተወው።

ብዙም ሳይቆይ ሴቶቹ እየጮኹ መጡ። ዙቤይዳ ዳገቱ ላይ ወድቃ ደሟ ይፈስ ነበር። በቃሬዛ አጋሮ፣ ከዚያም በመኪና ጅማ አደረሷት። ቃሬዛውን ከፊት የተሸከመው ነጋሳ ነበር፤ መንገዱን ሁሉ ቀና ብሎ ኢስሃቅን አላየውም። ሐኪሞቹ ነፍሷን አተረፉ፤ ማህፀኗን ግን ማዳን አልቻሉም። ከእንግዲህ ሸክም የሚባል ነገር እንዳትነካም አስጠነቀቁ።

ኢስሃቅ ስትነቃ እጇን ይዞ፣ «ማሎ ዙቤይዳ፣ ይቅር በይኝ። ወላሂ፣ ለዚህ ያበቃሁሽ እኔ ነኝ» አላት።

እሷ ግራ ገብቷት አየችው። «አንተ ምን አደረግክ? የኔው ሥራ አይደል እንዴ?»

ብትሰድበው፣ ብትረግመው በተሻለው ነበር።

አሁን ለቀማውንም፣ ማስጣቱንም፣ ምድጃውንም ኢስሃቅ ይዞታል። ዙቤይዳ ደጅ ተቀምጣ ከወዲያ ወዲህ ሲል በዓይኗ ትከተለዋለች። አጠገቧ ባለፈ ቁጥር አንገቷን ደፍታ፣ «አስቸገርኩህ እኮ፣ አፉ በለኝ» ትለዋለች።