ስድስት ማሾ፣ አራት ፋኖስ

በአሰበ ተፈሪ ሠርግ የሚለካው በማሾ መብራት ነበር። «የእገሌ ልጅ በአራት ማሾ ተዳረች» ከተባለ ስለ ሥጋው የሚጠይቅ የለም። ሁለት ማሾ የጨዋ ነው። አንድ ማሾ የችግረኛ ነው። ልጁን በፋኖስ የሚድር ሰው ግን ወይ ምንም የሌለው ነው፣ ወይ ከዘመድ ተጣልቷል።

ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ይህን ታውቃለች። ከተማው ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ኖራለች፤ ባሏንም የቀበረችው እዚሁ ነው። ሆኖም በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ጥር በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ከገበያው ጀርባ ወዳለው ወደ ሙሜ ቤት ሄዳ ፋኖስ ጠየቀች።

ሙሜ ድስት፣ አግዳሚ ወንበርና መብራት የሚያከራይ ሽማግሌ ነው። ጢሙን ሂና ይቀባል። ቤቱ የጭቃ ነው፤ አንዲት መስኮት ብቻ አለችው።

«ለማን ሠርግ ነው?» አላት።

«ለልጄ ለሰርክአዲስ። ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ።»

«አዴ፣ አንቺ እኮ የትልቅ ሰው ሚስት ነሽ። ፋኖስ ምን ያደርግልሻል? ፋኖስ ላም ማለቢያ ነው።»

«ጋሽ ሙሜ፣ መጀመሪያ ሁለቱንም ያብሩልኝ። ከዚያ እመርጣለሁ።»

የኤሌክትሪኩ ገመድ ወደ እነዘርፈሽዋል ሰፈር አልወጣም ነበር። ስለዚህ ምርጫው በማሾና በፋኖስ መካከል ብቻ ነው። ሙሜ መስኮቱን ዘጋ። ማሾው ላይ ላምባ ሞላ፤ አሞቀው፤ ነፋው። ማሾው እንደ እባብ ተንፍሶ ነጭ ሆነ።

ዘርፈሽዋል ነጩ ውስጥ ገባች። መብራቱ ለእሷ ቅርጽ አልነበረውም። ክረምት ላይ ከተራራው ወርዶ ከተማውን የሚውጠው ጉም ነበር፤ ቤቱን ከወለል እስከ ጣሪያ ሞላው። ሙሜ የለም። ግድግዳ የለም። ጉሙ ውስጥ ሰው ያስላል፤ ሰውዬው ግን የለም።

«ያጥፉት» አለች። «አሁን ፋኖሱን።»

ፋኖሱ ቢጫ ነው። ዙሪያውን ቀስተ ደመና መሳይ ቀለበት ከቦታል። ክሩን ዝቅ እንዲያደርግላት ጠየቀችው፤ ዝቅ አደረገው። ከፊቷ አንሥቶ ከጀርባዋ እንዲሰቅለው ጠየቀችው፤ ሰቀለው። ያን ጊዜ ከጉሙ ውስጥ መጀመሪያ ቀይ ጢም መጣ። ከዚያ አፍንጫ። ከዚያ ሁለት ዓይን፣ ረጋ ብለው የሚያዩአት።

«ይቺን ነው የምፈልገው» አለች።

ሙሜ ሣጥን ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«አዴ፣ ሠላሳ ዓመት መብራት አከራይቻለሁ። መብራት ሊመርጥ የመጣ ሰው መብራቱን ያያል። አንቺ የምታዪው እኔን ነው። እኔ ደግሞ ወላሂ፣ ለዓይን የምሆን ሰው አይደለሁም።»

ዘርፈሽዋል ሳቀች። ሳቁ ግን ግማሽ ላይ ቀረ።

ሙሜ አፉን ከፈተ። «ስንት ጥርስ ቀረኝ?»

«ሦስት።»

«ሁለት ነው። ሦስተኛው ጫት ነው። በርቺ፣ ጥሩ አይተሻል።»

ለማንም ያልነገረችውን ለእሱ ነገረችው። ዓይኗን ሞራ ከያዘው ሁለት ዓመት ሆኖታል። አንድ የጤና ሠራተኛ አይቷት «አዲስ አበባ ብትሄጂ ይገፈፋል» ብሏታል። አልሄደችም፤ ለልጇም አልነገረችም። ሰርክአዲስ አባቷ ከሞተ ወዲህ ሁለት ባል መልሳለች፤ «እማዬን ለማን ትቼ» እያለች። ሦስተኛው ጀምበሩ ነው፤ ቦርደዴ የሚያስተምር ጸጥ ያለ ልጅ። እሱን ወደደችው። እናቷ የሰው ፊት እንደማይታያት ካወቀች እሱንም ትመልሰዋለች።

«ታዲያ እንዴት ደበቅሻት? አንድ ቤት አይደለም የምትኖሩት?»

«ቤቱን በእጄ አውቀዋለሁ። ጥልፉን ‹መርፌ መያዝ ሰለቸኝ› ብዬ ተውኩት። ልጄንም በድምጿ፣ በእርምጃዋ አውቃታለሁ። ፊቷን ግን ቀን ፀሐዩ፣ ማታ በመካከላችን ያለው ኩራዝ ይውጥብኛል። ካየሁት ሁለት ዓመት ሆነኝ። ሙሽራ ሆና ጉልበቴን ስማ ቀና ስትል ላያት እፈልጋለሁ። ከዚያ ወዲያ ቢጨልምም ይጨልም።»

ሙሜ ጢሙን አሻሸ። «አራት ፋኖስ» አለ። «ሁለቱ ከወንበርሽ ጀርባ፣ ግራና ቀኝ። ሁለቱ ከበሩ ዘንድ፣ ራቅ ብለው። ከፊትሽ ምንም አይኖርም። ለሰው ‹ሙሜ ማሾ አልነበረውም› በዪ። ስሜ ቢጠፋ ግድ የለም፤ ሸምግያለሁ።»

ዳሱ የተሠራው በጥምቀት ማግስት ነው። ሙሜ ፋኖሶቹን ራሱ ተሸክሞ መጣና ሰርክአዲስ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ጠብቆ በሸራው ጨለማ ውስጥ ሰቅሎ አበራቸው። ከዚያ እያቃሰተ ሙሽራዋ በምትንበረከክበት ቦታ ተንበረከከ።

«ጉልበቴ ተሰበረ! ሙሽራ መሆን እንዲህ ከባድ ነው እንዴ?»

«ሙሽራ አያቃስትም፤ ቀና ይበሉ» አለችው።

ቀና አለ። አየችው። ሽብሽቡ ሳይቀር ታያት። ከዚያ በኋላ ሙሜ ቢሄድም እሷ ወንበሯ ላይ ቀረች። ሸራው በነፋስ ሲነፋና ሲረግብ ብርሃኑም አብሮ ይነፋል፣ አብሮ ይረግባል። ባዶ በሆነው ስፍራ ልጇን አስቀመጠች። የሰባት ዓመት አደረገቻት፤ አሥራ አምስት አደረገቻት፤ ነጭ አለበሰቻት። ፊቷን ግን ልታመጣው ስትል ከሥሩ ይሟሟል፤ ስኳር ውኃ ውስጥ እንደሚሟሟ። ሰርክአዲስ እንስራዋን አውርዳ «እማዬ፣ ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ?» ስትላት፣ «መብራት እመርጣለሁ» ብላ መለሰችላት።

ከሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው የባሏ ታናሽ ወንድም ሽፈራው ከገለምሶ መጣ። ነጋዴ ነው፤ ድምፁ ከእሱ ቀድሞ ቤት ይገባል። ዳሱን ዞረና ወደ ላይ አንጋጠጠ።

«እትዬ፣ ማሾው የት አለ?»

«ማሾ የለም። አራት ፋኖስ ነው።»

«ፋኖስ? ሠርግ ነው ወይስ የጠፋ በግ ፍለጋ?»

«የማሾ ጩኸት ራሴን ያመኛል።»

«ከበሮ ሊመታ፣ እልልታ ሊቀልጥ፣ የኔ ሚስት ልትመጣ፣ አንቺን የሚያምሽ የማሾ ጩኸት ነው?»

ሰርክአዲስ ከጓዳ ሳቀች። «ጋሼ፣ ተዋት። እማዬ የወደደችው ይሁን።»

ሽፈራው ወደ ዘርፈሽዋል ጠጋ አለ። ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ሌላ ሰው ይሆናል። «ወንድሜ ቢኖር በፋኖስ ይድራት ነበር? ነገ ‹አባት የሌላት› ቢሏት እኔ የት እገባለሁ?»

እውነቱን ብትናገር ልጅቱ ጓዳ ውስጥ ሆና ትሰማለች። ሽፈራው ዝምታዋን እሺታ አድርጎ ወሰደው።

እሑድ ሊመሽ ሲል፣ ሙሽራው ሚዜዎቹን አስከትሎ ከመድረሱ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ የሽፈራው መኪና ደጃፉ ላይ ቆመ። ከላዩ ስድስት ማሾ ወረደ። ሦስት ከገለምሶ፣ ሦስት ከመሰላ፤ ከወዳጅ ሁሉ ለቅሞ ነው ያመጣው። አሠልፎ አስነፋቸው። ዳሱ ውስጥ ቀን ሆነ። ሴቶቹ እልል አሉ። አንዱ ሽማግሌ «ስድስት!» አለ፤ ሌላው ደገመለት።

ዘርፈሽዋል ወንበሯ ላይ ነበረች። ነጩ ከስድስት አቅጣጫ መጥቶ ዋጣት። ከበሮው ከጉም ውስጥ ይመታል። ሰዎች እየመጡ እጇን ይስማሉ፤ እጅ ብቻ ናቸው፣ ከንፈር ብቻ ናቸው። አንዱ እጅ ሻካራ ነው፤ ላምባ ላምባ ይሸታል።

«አዴ» አላት ሙሜ በጆሮዋ። «አቦ፣ ይኼ ሰው ጉድ ሠራን። ላምባቸው ቆሻሻ አለበት ብዬ አንድ በአንድ ላውጣቸው?»

ልቧ «አዎ» አለ። አፏ ሊከተለው ሲል ቆመ። ማሾዎቹ ከወጡ ሽፈራው ይጮሃል፤ ሰው ለምን ይላል፤ እሷም መናገር ይመጣባታል። ሰርክአዲስ ደግሞ ገና አልተመረቀችም። በእነሱ ወግ ሙሽራ የእናቷን ጉልበት ስማ ምርቃት እስክትቀበል ድረስ ያባቷ ቤት ልጅ ናት፤ ልቅር ብትል የሚያስገድዳት የለም። ምርቃቱ ከወረደ ግን ወደ ኋላ የለም። የእናቷን ምርቃት ረግጣ የቀረች ሙሽራ ነውር ሠርታለች፤ ትዳርም አይቀናትም ይባላል።

ሁለቱን በአንድ ላይ ማግኘት አልተቻላትም። ወይ ቀና ስትል ያለውን ፊቷን፣ ወይ መሄዷን።

«ይቆዩ» አለችው። «ስጠራዎ ብቻ።»

ሙሽሮቹ መጡ። ነጩ ውስጥ አንድ ሌላ ነጭ ተንቀሳቀሰ፤ የቬሎው ድምፅ እንደ ደረቅ የበቆሎ ቅጠል ነው። ጉልበቷ ላይ ሙቀት አረፈ፤ ቀኝ ጉልበት፣ ግራ ጉልበት። ከዚያ ከባድ የወንድ ግንባር፤ ጀምበሩ ነው። ከዚያ የልጇ ሙቀት ቀና አለ። ሁለት ዓመት የጠበቀችው ቅጽበት ይህ ነበር። ዓይኗን ገልጣ አየችው። ነጭ ነበር።

እጇን ዘረጋች፤ የልጇን ራስ አገኘችው።

«እንደ አብርሃምና እንደ ሣራ ያድርጋችሁ።»

«አሜን!» አለ ዳሱ።

«ውለዱ፣ ክበዱ። የገባችሁበት ቤት ይሙላ። ቀኙን ያሳያችሁ።»

«አሜን!»

«የእናትሽ ቃል ይኸው ነው። ልጄ፣ መርቄ ሰጥቻለሁ።»

«አሜን!»

ሦስተኛው አሜን እስኪያልቅ ጠበቀች። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ጋሽ ሙሜ፣ አሁን!» አለች።

የመጀመሪያው ማሾ ሲያፏጭ ቆየና ተነፈሰ። ሁለተኛው ተከተለ። ሽፈራው ከመቀመጫው ተስፈነጠረ።

«ማነው ማሾዬን የሚያጠፋው! ኧረ ተው ሽማግሌ!»

«እኔ ነኝ ሽፈራው፤ ተቀመጥ» አለች ዘርፈሽዋል። «ያመጣህልኝ ክብር ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ልጄን ጋረደብኝ። ዓይኔን ሞራ ይዞታል። ብርሃን ሲበዛብኝ አላይም።»

ከበሮው ቆመ። ሽፈራው ራሱ ሄዶ ሦስተኛውን ማሾ አጠፋው። አራተኛውንም። አንዱ ጣቱን ፈጀው፤ ድምፅ አላሰማም።

ስድስተኛው ሲጠፋ ዳሱ ጠቆረ። ከጀርባዋ የተሰቀሉት ሁለቱ ፋኖሶች ሲበሩ የቆዩ ናቸው፤ ማንም ልብ ያላላቸው አልነበረም። አሁን ብርሃናቸው በትከሻዋ ላይ አልፎ ወረደ። ዘርፈሽዋል አልቸኮለችም። ጉሙ ቀስ እያለ ሲሳሳ ጠበቀችው። መጀመሪያ ግንባር መጣ። ከዚያ ቅንድብ። ከዚያ የረጠቡ ሁለት ዓይኖች።

የምትስቅ ሙሽራ ልታይ ነበር የተመኘችው። የምታለቅስ አገኘች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች ሰርክአዲስ።

«ሁለት ዓመቱ ነው።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ! እኔ የት ነበርኩ? አልሄድም እማዬ። የትም አልሄድም።»

«ተመርቀሻል።»

«እማዬ!»

«ሰው ሁሉ አሜን ብሏል። ምርቃቴን መሬት ላይ ልትጥዪብኝ ነው?»

ሰርክአዲስ ወደ ባሏ ዞረች። ጀምበሩ አብሯት እንደተንበረከከ ነበር፤ አንገቱን ደፍቶ ያስብ ነበር።

«ትምህርት ቤቱ ለዕረፍት እንደተዘጋ አዲስ አበባ እንወስዳቸዋለን» አለ። «ሦስታችንም እንሄዳለን። አስቀድመው ነግረውን ቢሆን…»

«አስቀድሜ ነግሬህ ቢሆን ሚስት አልነበረህም» አለችው ዘርፈሽዋል። ከዳሱ ጥግ ሙሜ ሳቀ፤ ከእሱ ጋር ሌላውም ሳቀ። ሰርክአዲስ ግን አልሳቀችም። የእናቷን ሁለት እጆች ይዛ ፊቷ ላይ አስቀመጠቻቸው።

ዘርፈሽዋል እጇን አነሣች። በእጅ የሚዳሰሰውን ታውቀዋለች፤ በዓይኗ ነው የምትፈልገው። አየች፤ ደግማ አየች። ሁለት ዓመት ልቧ ውስጥ ያስቀመጠችው ፊት ይህ አልነበረም። ያ ክብ ነበር፤ የልጅ ነበር። ይህኛው ጉንጩ ረዝሟል። በአፏ ግራና ቀኝ ሁለት ቀጫጭን መስመሮች ወርደዋል፤ ውኃ መቅዳት፣ እንቅልፍ አጥቶ ማደር፣ ለብቻ መጨነቅ ያሰመራቸው። ልጇ እሷ ሳታይ ሴት ሆናለች።

«አድገሻል» አለቻት።

ሰርክአዲስ በእንባዋ ውስጥ ፈገግ አለች። ዘርፈሽዋል ያንንም አየችው።

ከዚያ ወዲያ ከበሮ መቺዎቹ እንጀምር አንጀምር እያሉ ሲተያዩ፣ ሽፈራው የተቃጠለ ጣቱን እየነፋ ወደ እሷ ጎንበስ አለ። «እትዬ፣ ምን ላድርግልሽ?»

«ማሾህን ውጭ አብራው» አለችው። «ሙሽሮቹ ወደ ጀምበሩ ዘመዶች ቤት፣ ወደ ታች ሰፈር በእግር ነው የሚወርዱት፤ መንገዱ ድንጋይ ነው። እኔ ገና እያየሁ ነው።»