ለእዚያ የተቀመጠው ሻንጣ

ቅዳሜ ከሰዓት ማሽኖቹ ጠፍተው የመጨረሻው እንፋሎት በመስኮት ሲወጣ፣ ሻንጣዬን እየጎተትኩ ወደ ሚዛኑ እወስደው ነበር። ሚዛኑ የምሠራበት ላውንደሪ ንብረት ነው። ከሆቴል የሚመጣው አንሶላና ፎጣ በኪሎ ስለሚታጠብ መግቢያው አጠገብ ቆሟል። አጣቢያችን እጁን እያደረቀ ያየኛል። ሁላችንም «አረፋ» ነው የምንለው፤ እስከ ክርኑ አረፋ ሳይለብስ አይተነው አናውቅም።

«እታለም፣ ይኼ ሻንጣ አራስ ልጅ ነው እንዴ በየሳምንቱ የምትመዝኚው?»

«ነገር ትተህ ስንት እንደሆነ ንገረኝ።»

«ሃያ ሦስት ሊሞላ ነው። እያደገልሽ ነው! በዚህ አያያዙ ጥርስ ያወጣል።»

ያን ጊዜ ቁጥሩንም ፊደሉንም የሚያነብልኝ እሱ ነበር። ይስቅብኛል፤ ግን ሻንጣውን ከሚዛኑ የሚያወርድልኝም እሱ ስለሆነ ተቀይሜው አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ ቀድሞን ውጭ ሀገር ከሄደ ቆይቷል። እኔንና ልጃችንን ለመውሰድ ማመልከቻ አስገብቷል። ለአንድ ሰው የሚፈቀደው ሻንጣ ሃያ ሦስት ኪሎ ነው ብሎ በስልክ ሲነግረኝ፣ በዚያው ቀን ሻንጣ ፈልጌ ገዛሁ። ከዚያ ወዲያ ቤታችን ውስጥ ጥሩ ነገር የተባለ ሁሉ ሻንጣው ውስጥ ገባ። አበባ ያለበት አንሶላ፣ ወፍራም ፎጣ፣ አፋቸው ወርቃማ የሆነ ኩባያዎች፣ ለልጄ የገዛሁት ቀይ ጫማ። ጫማውን ቶሎ እንዳያንሳት አንድ ቁጥር አስበልጬ ነበር የገዛሁት። ልጄ እንዳየችው ልታጠልቀው ዘለለች።

«ይቀመጥ፤ ለእዚያ ነው» አልኳት።

«እዚያ» ቤታችን ውስጥ አብሮን የሚኖር ሦስተኛ ሰው ሆኖ ነበር። ጥሩውን የሚለብሰው እሱ፣ በጥሩው የሚጠጣው እሱ። እኛ በተሰነጠቀ ኩባያ እየጠጣን፣ በሳሳ አንሶላ እየተኛን፣ እሱን ስናሳድግ ከረምን።

ልጄን «ድንቡሼ» እንላታለን። ሕፃን ሳለች አባቷ ያወጣላት ነው። አሁን እንደ ሸምበቆ ተመዝዛ ቀጥናለች፤ ስሙ ግን አልለቀቃትም።

ከእኛ የሚፈለገውን ወረቀት ለኤምባሲው ያስገባን ቀን የዚያው ጸሐፊ እንድፈርም እስክሪብቶ ዘረጋልኝ። እጄን አልዘረጋሁም። ገባው መሰለኝ፣ የቀለም ማስነኪያውን ቀስ አድርጎ ወደ እኔ ገፋው። ጨዋ ሰው ነበር፤ አላሳፈረኝም። ጣቴን ሳስነካ ግን ድንቡሼ ከጎኔ ሆና ታየኝ ነበር። ብታፍርብኝ ይሻለኝ ነበር፤ ፊቷ ላይ ያየሁት ሐዘኔታ ነው። ስንወጣ መሐረቧን በምራቋ እያራሰች ጣቴን ጠረገችልኝ። በዚያው ሳምንት የጎልማሶች ትምህርት ተመዘገብኩ። ለቃለ መጠይቅ ሲጠሩን ስሜን በገዛ እጄ ልጽፍ፤ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

ትምህርቱ ከሥራ በኋላ በልጆች ትምህርት ቤት ነው። ወንበሮቹም የልጆች ስለሆኑ ጉልበታችን አገጫችንን ሊነካ ምንም አይቀረው። ከጎኔ የምትቀመጠው ዳቦ ሻጭ ናት፤ የምትተውበት ስለሌላት ትንሿን ልጇን ይዛ ትመጣለች። ከኋላችን አንድ ዘበኛ አለ፤ ትምህርቱን ሁሉ አንቀላፍቶ ልክ ጥያቄ ሲጠየቅ ይነቃል። አስተማሪያችን ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። «ጋሼ» ነው የምንላቸው። የጻፍነውን ሲያዩ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወረቀቱን እስከ አፍንጫቸው ያስጠጉታል። ወረቀቱን እስኪያወርዱት ድረስ እኔ ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ። ጭንቀታም ነኝ፤ እናቴም እንዲሁ ነበረች።

«አንቺ ሴት፣ ፊደል አይናከስም። እስክሪብቶውን እንዲህ አንቀሽ አትያዢው፤ ላላ አድርጊው» ይሉኛል።

ስሜን መጻፍ የቻልኩ ቀን ዕቃዬን ሰብስቤ ተነሣሁ።

«የት ልትሄጂ?» አሉ ጋሼ።

«የፈለግኩት ስሜን ነበር፤ ይኸው ቻልኩ። እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ባለቤቴ ጋ እሄዳለሁ።»

«ሄደሽስ?»

ስለ መሄድ ሳስብ ነበር የማድረው፤ ሄጄ ምን እንደምሆን ግን አንድ ቀን አስቤ አላውቅም። ሐሳቤ እስከ አውሮፕላኑ በር ይደርስና እዚያው ይቆማል።

«እንግዲያው መልሱን እስክታገኚ ተቀመጪ» ብለው ወደ ሰሌዳው ዞሩ።

ዳቦ ሻጯ ቀሚሴን ይዛ ወደ ታች ሳበችኝ። «ተቀመጪ ባክሽ! አንቺ ከሄድሽ ከማን ልገለብጥ ነው?»

ተቀመጥኩ። ዛሬ ሳስበው፣ ያንን ቀሚሴን የሳበችኝን እጅ አመስግኜ አልጠግብም።

ትምህርቱ ሲገባኝ፣ ሥራ ቦታ ሸሚዞቹ ላይ የሚያያዘውን የደንበኛ ስም ማንበብ ጀመርኩ። ካውያውን በአንድ እጄ ይዤ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ፣ እያንዳንዱን ሸሚዝ በስሙ እጠራዋለሁ። አረፋ «ከሸሚዝ ጋር ማውራት ጀምራለች፤ እንፋሎቱ ነው» ብሎ ቤቱን ሁሉ አሳቀብኝ። የላውንደሪው ባለቤት፣ እትዬ፣ ወሬውን ሰምተው መጡ። ወገባቸውን ይዘው ጥቂት አዳመጡኝ።

«ባንኮኒው ላይ ያለችው ልጅ ልታገባ ነው፤ ሥራውን ትለቃለች» አሉ። «ቦታዋን ለምን አትይዢም? ደንበኛ መቀበል፣ ስም መጻፍ፣ ልብስ ማስረከብ ነው። እኔ አሳይሻለሁ።»

ልቤ ዘለለ። አፌ ግን፣ «እትዬ፣ እኔኮ መንገደኛ ነኝ። ለምን በከንቱ ይደክማሉ?» አለ።

«መንገደኛነትሽን እዚህ ከገባሽ ቀን ጀምሮ እየሰማሁ ነው» አሉ፤ አልተቆጡም። «እስኪ አስቢበት።»

በዚያው ሰሞን ድንቡሼ ከትምህርት ቤት እየሮጠች መጣች። ለዓመቱ መዝጊያ ተውኔት ሊያሳዩ ነው።

«እማዬ፣ እኔ ዝናቡ ነኝ! ሁሉም ሰው የሚጠብቀው እኔን ነው!»

«መሐል ላይ ቢጠሩንስ? ዝናብ አጥተው ይቅሩ? ይልቅ ለሌላ ልጅ ይስጡት» አልኳት።

ቦርሳዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ስታለቅስ አውቅበታለሁ፤ ዝም ስትለኝ ነው መግቢያ የሚጠፋኝ።

ከዚያ ስልኩ ጮኸ። የቃለ መጠይቁ ቀን ተቆርጧል። ባለቤቴ በዚያ በኩል ይጮኻል፣ እኔ በዚህ እጮኻለሁ፤ ማን ምን እንዳለ አልተደማመጥንም። ብቻ ሁለታችንም ደስ ብሎናል።

ቀኑ ሲደርስ በጠዋት ሻንጣውን ከፈትኩ። ቀይ ጫማውን ከነመጠቅለያው አወጣሁት።

«ነይ፣ ድንቡሼ። ቀኑ ዛሬ ነው።»

እግሯን አስገባች። ተረከዟ ውጭ ቀረ። ገፋሁት። በማንኪያ ሞከርኩ። ያ ቶሎ እንዳያንሳት ብዬ አስበልጬ የገዛሁት ጫማ፣ አንዴም መሬት ሳይነካ አንሷት ነበር። ሶሉ እንደ ሳህን ንጹሕ ነው።

ድንቡሼ ቀና ብላ ፊቴን አየች። ወዲያው ጣቶቿን አጠፈችና የጫማውን ተረከዝ ረግጣ ቆመች።

«ይሆነኛል እማዬ። እይ፣ መሄድም እችላለሁ።»

እንደ ዳክዬ እየተንገዳገደች ከአልጋው እስከ በሩ ሄደች። በሩ ጋ ልትዞር ስትል ዘጭ ብላ ወደቀች፤ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። እኔም ልስቅ አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝ።

«አውልቂው የኔ እናት። አውልቂው።»

ዘወትር በምታደርገው የትምህርት ቤት ጫማዋ ሄድን።

ኤምባሲው ውስጥ ከመስታወት ጀርባ የተቀመጠችው ሴት ብዙ ጠየቀችኝ፤ ስለ ጋብቻችን፣ ስለ ልጃችን፣ ስለ ኑሯችን። በመጨረሻ «ሲሄዱ ምን ለመሥራት አስበዋል?» አለችኝ። አጥንቼ የሄድኩት መልስ «የተገኘውን» የሚል ነበር። ከአፌ የወጣው ሌላ ሆነ።

«ልብስ እተኩሳለሁ። ትምህርቴን እቀጥላለሁ። ደግሞ ሰው ስሙን ሲነግረኝ መጻፍ ደስ ይለኛል። እንዲህ ያለ ሥራ ካለ እሱን እሠራለሁ።»

ሴትየዋ ፈገግ ያለች መሰለኝ። ወረቀቱን አዙራ ሰጠችኝ። የቀለም ማስነኪያው እዚያው ተቀምጧል። እኔ እስክሪብቶውን አነሣሁ። አንቄ ልይዘው ስል የጋሼ ነገር ትዝ አለኝና ላላ አድርጌ ያዝኩት። ስሜን፣ የአባቴን ስም፣ የአያቴን ስም ጻፍኩ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ። ድንቡሼ ዞር ብላ፣ «ረጅም ስም ስለሆነ ነው» አለችው።

«መልሱ መቼ ይደርሰን ይሆን?» አልኳት ሴትየዋን።

«ፋይሉ ገና ይታያል። ሊፈጥንም ሊቆይም ይችላል፤ ጊዜውን መናገር አልችልም። ይጠብቁ።»

ይጠብቁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ቃል ሰምቼ በቀጥታ ወደ ሻንጣዬ እሄድ ነበር። ያን ቀን ደረጃውን ስንወርድ ግን ከፊቴ የሚሄደውን የልጄን እግር ነበር የማየው። እግሯ ማንንም አልጠበቀም።

«ድንቡሼ፣ ዝናቡን ለማን ሰጡት?»

«ለማንም። አስተማሪዬ እናትሽን እንደገና ጠይቂያት ብላኝ ነበር፤ ፈርቼ ነው።»

«በይ እንግዲህ፣ ዝነቢ።»

መንገድ ላይ እንደዚያ ስትዘል አይቻት አላውቅም።

በማግስቱ ባንኮኒው ፊት ቆምኩ። «እትዬ፣ ያ ቦታ ተያዘ?»

«መንገደኛ አይደለሽም እንዴ?»

«ነኝ። እስክሄድ ድረስ ግን እዚህ ነኝ።»

እትዬ የልብስ ማስረከቢያውን ካርኒ ከመሳቢያ አውጥተው ፊቴ አስቀመጡት። «ይኼን እስክትዪኝ ነበር የጠበቅኩሽ። ሰኞ ፀጉርሽን አበጥረሽ ነይ፤ ከደንበኛ ፊት ነው የምትቆሚው።»

በዚያ ሳምንት ሻንጣውን ፈታሁት። አንሶላው አልጋ ላይ ተነጠፈ። ኩባያዎቹ መደርደሪያ ላይ ወጡ፤ አንዱን ገና በመጀመሪያው ቀን ሰበርኩት፣ ምንም አልመሰለኝም። ቀዩን ጫማ ለዳቦ ሻጯ ትንሽ ልጅ ሰጠኋት። ትምህርት ክፍል ውስጥ ኳ ኳ እያደረገች ስትመላለስ ዘበኛው እንኳ እንቅልፉን አጣ። ጋሼ ሊቆጡ ዞረው ጫማውን አዩና ተዉት።

ቅዳሜ ሻንጣውን እንደ ልማዴ ሚዛኑ ላይ አወጣሁት። ቁጥሩን ራሴ አነበብኩ፤ ሦስት ኪሎ ከምናምን።

«ውይ!» አለ አረፋ እጁን አፉ ላይ ጭኖ። «ልጁ ምን ነካው? እንዴት ከሳ!»

«አድጎ ከቤት ወጣ» አልኩት። እንዲያ ሲስቅ ሚዛኑን ተደግፎ ነበር፤ ቁጥሩ ሽቅብ ወጣ።

ለባለቤቴ መንገር ግን ከበደኝ። ሲደውል ዙሪያ ጥምጥም ሄጄ ሄጄ፣ «ሻንጣውን ፈታሁት» አልኩት።

በቀስታ፣ «ተስፋ ቆረጥሽ?» አለኝ።

«አልቆረጥኩም። በጠሩኝ ቀን እሄዳለሁ፤ ሻንጣ ለመሙላት አንድ ቀን ይበቃኛል። አሁን ግን አበባው አንሶላ ላይ ተጋድሜ ነው የማወራህ። እንዴት ደስ ይላል መሰለህ!»

እሱም የራሱን አወጣ። «እኔም አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እንዳትቆጪ። አልጋ የለኝም።»

«ምን ማለት ነው አልጋ የለኝም?»

«ፍራሼ መሬት ላይ ነው። እነሱ ሲመጡ አብረን እንገዛለን ብዬ…»

«ከሄድክ ጀምሮ?»

«ከመጣሁ ጀምሮ።»

ሳቅ ያዘኝ። እሱም ሳቀ። ወገቤን አመመኝ ሲለኝ፣ ብርዱ ነው እያልኩ ወፍራም ካልሲ ስልክለት ነው የኖርኩት! እሱም እዚያ ሆኖ «እናንተ ስትመጡ» የሚባል ሰው ሲያሳድግ ኖሯል።

«ስማ፣ የድንቡሼ አባት። ነገ ወጥተህ አልጋ ግዛ። ሰፊ አልጋ።»

የተውኔቱ ቀን አዳራሹ ውስጥ ከእትዬና ከአረፋ መሐል ተቀመጥኩ። የዝናቡ ልብስ የሁላችንም ሥራ ነበር። እትዬ ያረጁ አንሶላዎች ሰጡን፣ አረፋ ሰማያዊ ቀለም ውስጥ ነከራቸው፣ እኔ ቀጫጭን አድርጌ ቀድጄ እያንዳንዱን ተኮስኩት። መጋረጃው እስኪከፈት ስጠብቅ ስልኬ ነዘረኝ። ባለቤቴ ነው። እስከዚያ ቀን ጽፎልኝ አያውቅም፤ ማንበብ መጀመሬን እስክነግረው ድረስ ሁልጊዜ ይደውል ነበር። የአንድ አልጋ ፎቶ ነው፤ ከሥሩ ጽሑፍ አለ።

አረፋ አንገቱን አሰገገ። «ላንብብልሽ?»

«ተወኝ፤ የባልና የሚስት ነገር ነው።»

በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። «አልጋው ገባ። ሰፊ ነው።»

ተመስገን አልኩ። ለአልጋው፣ ለጋሼ፣ ቀሚሴን ለሳበችው እጅ፣ ሳያንኳስሱኝ ለጠበቁኝ ሰዎች ሁሉ። መጋረጃው ተከፈተ። ድንቡሼ ሰማያዊ ቅዳጆቿን እያርገበገበች በባዶ እግሯ ከዳር እስከ ዳር መድረኩን አቋርጣ ሮጠች፣ አዳራሹም በጭብጨባ ተናጋ። እኔም እስክሪብቶ እንደምይዝ ስልኩን ላላ አድርጌ ይዤ፣ ፊደል በፊደል እየፈለግኩ መለስኩለት።

«በግድግዳው በኩል የምተኛው እኔ ነኝ።»