ከጋራዡ መውጣት ያቃታት መኪና

ያን ቅዳሜ ጠዋት፣ ፀሐይ ገና የጎረቤቱን ጣሪያ ስትሻገር፣ በግቢው ውስጥ አምስት ሰዎች ነበሩ፦ የቤቱ ባለቤት ጋሽ አትንኩ፣ ሚስታቸው እትዬ መርፌ፣ ፀጉር ሠሪዋ ልጃቸው፣ የእትዬ መርፌ ታናሽ ወንድም ግንበኛው፣ እና ነጭ ጓንት ያጠለቀ አንድ የአሮጌ መኪና ሰብሳቢ። ጋሽ አትንኩን ብትጠይቋቸው ግን መኪናዋንም ቆጥረው ስድስት ነበርን ይላሉ።

«አትንኩ» እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም፤ የሰፈር ሰው የለጠፈባቸው ነው። ጋሽ አትንኩ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረዋል። ወንበሩ የተቀደደ፣ መስኮቱ አልዘጋ የሚል፣ ተሳፋሪ ሁሉ የወደዳትን ልጅ ስም በሚስማር የጫረበት አውቶቡስ ነበር። ስለዚህ ያቺን ክብ መብራት ያላትን ሰማያዊ መኪና ከአንድ ሽማግሌ ሐኪም የገዙ ዕለት፣ «በዚህች ዓለም ላይ ሰው ክርኑን የማያሳርፍባት አንድ ነገር ትኑረኝ» ብለው ማሉ። ጋራዥ አስገቧት። ጎማዋ እንዳይተኛ በጉማጅ እንጨት ከመሬት አነሷት። እትዬ መርፌ ልብስ ሰፊ ናቸውና ከለስላሳ ጨርቅ በልኳ ልብስ ሰፉላት። በየወሩ ሞተሯን አስነሥተው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው ጥቂት ያዳምጧትና ያጠፏታል። ከዚያ በቀር ወዴትም የለም። ወደ ጋራዡ ደጃፍ ሰው ጠጋ ያለ እንደሆነ «አትንኩ!» ይላሉ። ስሙም በዚያው ጸና።

እትዬ መርፌ መኪናዋን «ጣውንቴ» ነው የሚሏት።

«እኔ በዝናብ ታክሲ ስጠብቅ እውላለሁ፤ ጣውንቴ ብርድ ልብሷን ተከናንባ ትተኛለች» ይላሉ ለጎረቤት። «አንድ ቀን እንኳ ቂጤ ወንበሯን ነክቶት አያውቅም።»

ነገሩ የመጣው በልጅቷ በኩል ነው። ፀጉር የምትሠራበትን ክፍል አከራዩ ለወንድሙ ፈለገውና አስለቀቃት። ማድረቂያዋን፣ መስተዋቷንና የደንበኞቿን ወንበሮች በወላጆቿ ሳሎን ውስጥ ቆልላለች፤ ሰው ወንበር ለወንበር እየተሻገረ ነው እራት የሚበላው። ከቤቱ ሁሉ ለግቢው በርና ለመንገዱ የቀረበ ክፍል ደግሞ ጋራዡ ብቻ ነው። ልጅቷ አፏን አውጥታ አልጠየቀችም። ዐይኗ ግን ወደ ጋራዡ ሄድ መለስ ማለቱን አባት አዩ።

«ውሰጂው» አሏት አንድ ቀን፣ ድንገት። «ጋራዡን ውሰጂው።»

«እሷስ አባዬ?»

እሷስ! ከጋራዡ ከወጣች መቆሚያዋ ግቢ ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ነው። ላይዋ ላይ ወፍ፣ ጎኗ ላይ ዝናብ። ጋሽ አትንኩ ይህን ከማየት ዐይኔ ይጥፋ አሉ። ለዚህ ነው ሰብሳቢውን ያስጠሩት። የእሱ መኪኖች መስኮቱ በመጋረጃ በተሸፈነ አዳራሽ ውስጥ እንደሚኖሩ ሰምተዋል። እዚያ ማንም አይነካትም ብለው ራሳቸውን አሳመኑ። ከዚያ ወዲያ ግን ስኳር ያልገባበትን ሻይ እንኳ ሳያውቁት ጠጥተው ይነሣሉ።

ሰብሳቢው መኪናዋን እየዞረ አያት። በጓንቱ የበሯን እጀታ ዳሰሰ። አጎንብሶ ከሥሯ ተመለከተ። ሲነሣ ፊቱ በርቶ ነበር።

«እንዲህ ያለች አይቼ አላውቅም» አለ። «እኔ ጋ ስትመጣ ዘይቷንና ነዳጇን እናፈስሳለን፣ ባትሪዋን እናወጣለን። ከዚያ በኋላ ልክ እንደ ተወለደች ትኖራለች።»

«እንደ ተወለደች?» አሉ እትዬ መርፌ። «እንደ ሞተች አይሉም?»

«እትዬ!» አለ ግንበኛው ሳቁን አፍኖ።

ጋሽ አትንኩ ሞተሯ ካልተነሣስ ድምፅዋን ማን ይሰማዋል ብለው አሰቡ፤ ግን ቃል ሰጥተዋል። እንጨቱን ከሥሯ አወጡና መሪዋን በመስኮት በኩል ይዘው «በሉ ግፉ» አሉ።

ልጅቷና ግንበኛው ከኋላ ገፉ። መኪናዋ ያለ ድምፅ ተንሸራተተች። ይሄኔ በሩ አጠገብ የቆሙት እትዬ መርፌ እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ።

«ቁሙ! ቁሙ እንጂ! ይህች በዚህ በር አትወጣም!»

«እንዴት አትወጣም?»

«ልብስ ሰፊ አይደለሁ? ይህ ትከሻ በዚህ አንገትጌ አያልፍም።»

ጋሽ አትንኩ ቆጣ ብለው በሩ ላይ ስንዝራቸውን ዘረጉ። ከዚያ መኪናዋ አፍንጫ ላይ ዘረጉ። ተመልሰው በሩ ላይ ዘረጉ። ፊታቸው እየቀላ ሄደ። እውነትም መኪናዋ ከበሩ ትሰፋለች።

ሁሉም ወደ ግንበኛው ዞሩ።

«እኔን ምን ታዩኛላችሁ?» አለ። «ጋሼ ራሳቸው አይደሉም እንዴ ‹አቧራ እየገባባት ነው፣ በሩን አጥብበው› ያሉኝ? አጠበብኩት። ያማረ ሥራ ነው፤ ንፋስ እንኳ አያልፍበትም።»

«ታዲያ መኪናዋ በምን ትወጣለች ብለህ ነው?» አለች ልጅቷ።

ግንበኛው ራሱን አከከ። «እውነቱን ልንገርሽ? መኪና መሆኗን ረስቼው ነበር። ስትቆይ ቁም ሣጥን መሰለችኝ።»

እትዬ መርፌ ግድግዳውን ተደግፈው እስኪያነቡ ሳቁ። ልጅቷም ተከተለች። ሰብሳቢው እንኳ ጓንቱን አፉ ላይ አድርጎ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ታየ። ጋሽ አትንኩ ብቻ አልሳቁም። ዕድሜ ልኩን መሪ የያዘ ሰው፣ በሩ ሲጠብ አጠገቡ ቆሞ «ጎበዝ፣ እንደሱ ነው» ሲል ነበር። መኪና መውጣት ያለበት ነገር መሆኑ ለእሳቸውም ትዝ አላላቸውም ነበር። ይህ ከሳቁ ይልቅ ወጋቸው።

«አፍርሰው» አሉ።

ግንበኛው መዶሻና መሮ አመጣ። በሩን ከነመቃኑ ነቀለና ብሎኬቱን ይመታ ጀመር። አቧራው ጋራዡን ሞላው። የመኪናዋን ጨርቅ መልሶ ማልበስ ማንም አላስታወሰም። አቧራው ሰማያዊው ቀለም ላይ እንደ ዱቄት ሲወርድ እትዬ መርፌ ባላቸውን ሰረቅ አድርገው አዩ። ጋሽ አትንኩ አፋቸውን ከፈቱ፤ «አት…» አሉና መልሰው ገጠሙት።

መኪናዋ ተገፍታ ወደ ግቢው ስትወጣ ሁሉም ዙሪያዋን ከበበ። ጋራዡ ውስጥ ድፍን ሰማያዊ ትመስል የነበረችው፣ ፀሐይ ላይ አረንጓዴ ጣል አለባት። ጋሽ አትንኩ ይህን ከገዟት ቀን ወዲህ አላዩትም።

ሌላ ጣጣ መጣ። የሰብሳቢው የጭነት መኪና መንገዱ ጠቦት ዋናው አስፋልት ላይ ቆሟል። እዚያ ድረስ ማድረስ የግድ ነው።

«እንግፋት?» አለ ግንበኛው።

«ትነዳለች እንጂ!» አሉ ጋሽ አትንኩ ተቆጥተው። «እኔ እያለሁ ትገፋለች?»

ገብተው ተቀመጡ። ገና ቁልፉን ሳያዞሩ የወዲያኛው በር ተከፈተና እትዬ መርፌ ሰተት ብለው ገቡ።

«ምን ልሁን ብለሽ ነው?»

«ጣውንቴን ልሸኝ ነዋ! ሂድ ንዳ፣ አንተ ሰው።»

ልጅቷም ከኋላ ገባች። ግንበኛው ከነአቧራው፣ ከነመዶሻው ተከተላት። ሰብሳቢው «ኧረ ወንበሩ፣ ኧረ ወንበሩ!» እያለ ከውጭ ቀረ።

ሞተሩ ተነሣ። ጋሽ አትንኩ ማርሽ አስገቡና በግራ እግራቸው የረገጡትን ፍሪሲዮን ቀስ አድርገው ለቀቁ። መኪናዋ አንዴ ዘለል አለችና ሄደች። እግራቸው ሥር መሬቱ ሲሸሽ ተሰማቸው። ሞተሩ ቆሞ ከሚያጉረመርመው ሌላ ድምፅ አወጣ፤ ጉሮሮውን ጠርጎ የሚዘፍን ሰው ድምፅ። እትዬ መርፌ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ክርናቸውን አወጡ። በር ላይ የቆመ ጎረቤት ሁሉ እጁን ያወዛውዝ ጀመር።

«አትንኩ ነዱ! ኧረ ኑ እዩ፣ ጋሽ አትንኩ ነዱ!» አለ መንገድ ዳር የተቀመጠው የሰፈሩ ጫማ ሰፊ።

ማጠፊያው ጋ ከአንድ አጥር የወጣ ቆርቆሮ ነበር። ጋሽ አትንኩ ለጫማ ሰፊው ክላክስ ሲያደርጉ ትንሽ ተጠጉ።

ጭርርር።

መኪናዋ ቆመች። ከኋላ ግንበኛው «አለቅን» ብሎ አንሾካሾከ። ጋሽ አትንኩ ወርደው ጎኗን አዩ። ከፊት በር እስከ ኋላ ጎማ የሚሄድ ነጭ መሥመር። አውራ ጣታቸውን በምራቅ አርጥበው አሹት። አልጠፋም። ሰው ሁሉ የሚሆኑትን ይጠብቃል።

ሰብሳቢው እያለከለከ ደረሰ። «ግዴለም፣ ግዴለም» አለ። «ባለሙያ አለኝ። ምንም እንዳልነካት አድርጎ ያጠፋዋል።»

ጋሽ አትንኩ ቀና አሉ። የሚገርመው ፊታቸው ላይ ሐዘን አልነበረም፤ ከባድ ሸክም ያወረደ ሰው ነበር የሚመስሉት።

«የፈሩት ይደርሳል ይሉ የለ?» አሉ። «ይኸው ደረሰ። ስንት ዘመን ስፈራው የኖርኩት ይህን ታህል ጭረት ነበር። እና ምን ሆንኩ? እዚሁ ቆሜያለሁ።» ወደ መኪናዋ ውስጥ አዩ። እትዬ መርፌ ክርናቸውን ከመስኮቱ አላስገቡም። «ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለከንቱ አደከምኩዎት። አልሸጣትም።»

«ከዛፍ ሥር ሊያቆሟት ነው?»

«ከዛፍ ሥር።»

«ዝናብ አለ፣ ወፍ አለ…»

«እኔም ከዚያው ግቢ ነው የምኖረው። አላለቅኩም።»

ሰብሳቢው ሊከራከር ፈልጎ ነበር፤ ግን ዐይኑ ከመኪናዋ አልላቀቅ አለው። ቀስ ብሎ ጓንቱን አወለቀና ኪሱ ከተተው።

«እሺ… ቢያንስ እስከ አስፋልቱ ያድርሱኛ» አለ። «አዳራሹ ውስጥ ካሉት መኪኖቼ አንዳቸውም አይነሡም።»

«አንተ ተጠጋ» አሉት ጋሽ አትንኩ ግንበኛውን። «መዶሻህንም እግርህ ሥር አድርገው። ጌታዬ፣ ይግቡ። በሩ ጠበቅ ይላል፤ ጠንከር አድርገው ይሳቡት።»

ሰብሳቢውን የጭነት መኪናው አጠገብ አወረዱት። በማግስቱ እትዬ መርፌና ጋሽ አትንኩ በመኪናዋ ገበያ ሄደው ኋላ ወንበር ላይ አንድ ጆንያ ድንች ጭነው ተመለሱ።