በሹራቡ አንገት ውስጥ ያለው ስም

…የውሃ ዕቃዋን ከትቻለሁ፣ ክዳኑን አጥብቄዋለሁ፣ ባለፈው ላልቶ ደብተሩን ሁሉ አርሶት ነበር፣ ደብተሮቿ፣ እነሱም አሉ፣ ቅያሪ ልብስ በፌስታል፣ ብሬኳ፣ የእረፍት ምግቧ፣ ብሬኳስ የታለ፣ እህ፣ እጄ ላይ ይዤው፣ ቂጣቸው ቻፓቲ በእንቁላል ተጠቅልሎ፣ ሮሌክስ የሚሉት ካልሆነ አትበላማ፣ ጨጨብሳ ስሰጣት እንደታሸገ ነው ይዛው የምትመለሰው፣ የካምፓላ ልጅ፣ መብራት የለም፣ ዛሬም ጠፋ፣ ስልኬን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፌ በሱ ብርሃን ነው የምከተው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ ሮሃ ተኝታለች፣ ተኝታለች አይደል፣ አዎ። ለአምስት ዓመት ልጅ ይሄ ሁሉ ጓዝ። ተርም ሲከፈትማ መጥረጊያና ሶፍት ይጨመርበታል፣ ልጅ የምድር እንጂ ትምህርት ቤት የምልክ አይመስለኝም፣ ወላጆች የልጆቻቸው ንብረት ላይ ስም በግልጽ እንዲጽፉ በአክብሮት እናሳስባለን ይላሉ ደግሞ፣ በአክብሮት፣ እሺ፣ ጻፍኩ፣ ጫማዋ ውስጥ፣ ካልሲዋ ላይ፣ የእርሳሷ ቂጥ ሳይቀር፣ ሮሃ፣ ሮሃ፣ ሮሃ፣ ደጋግሜ ጽፌው ጽፌው አንዳንዴ የማላውቀው ሰው ስም ይመስለኛል።

ቢጫዋ ዕቃ። ከዚህ ሁሉ ጓዝ ስም የሌለባት እሷ ብቻ ናት፣ የኛ አይደለችማ። መጀመሪያ ከትምህርት ቤት የመጣች ቀን ኦቾሎኒ ሞልቶባት ነበር፣ የተቆላ፣ ያን ሁሉ የመንገድ ጃም ተቀምጠውበት መጥተው ገና ትኩስ ነው፣ ማን ሰጠሽ ሮሃዬ፣ ማማ ናሎንጎ፣ ማናት እሷ፣ ማማ ናሎንጎ ናታ፣ አለችኝ፣ እኔ ሞኟ የአንዷ ልጅ እናት መሰለችኝ፣ ደግ ሴት፣ የሰው ዕቃ ደግሞ ባዶውን አይመለስም፣ እናቴ ቤት ነውር ነው፣ ከጎረቤት በሰሃን ሽሮ ቢመጣ ሰሃኑ ቢያንስ አንድ ፍሬ ሎሚ ይዞ ነው የሚመለሰው፣ ስለዚህ ዳቦ ቆሎ ሞልቼ ላክሁ፣ በማግስቱ ካሳቫ ይዛ መጣች፣ እኔ ደግሞ መች እሸነፋለሁ፣ ቆሎ ከነሱፉ፣ እሷ ጃክፍሩት፣ እኔ ድፎ ቆርሼ፣ እንዲህ እያልን፣ ሁለት ሴቶች ሳንተያይ ልጅ መሃል አድርገን ስንጠያየቅ ከረምን። ደስ ብሎኝ ነበር እኮ። በዚህ ከተማ ዕቃዬን ሞልቶ የመለሰልኝ ሰው የለም።

ሹራቡ። ወንበሩ ላይ ነው፣ እጅጌዎቹን አንጠልጥሎ፣ አላየውም፣ ቆይ፣ አያለሁ እንጂ ምን አባቱ። ኦዊኖ፣ ልባሽ ጨርቅ ገበያ ነው የገዛሁት፣ ከትምህርት ቤቱ ሹራብ ጋር ቁርጥ አንድ፣ አንድ ቁልፍ እንኳ አልጎደለውም፣ አንገቱ ውስጥ ብቻ የሰው ስም አለበት፣ ናካቶ ይላል፣ ነጭ ጨርቅ ላይ በቀይ ክር፣ ልፈታው ስል ሱፉን ይዞት ይመጣል፣ እንዳይቀደድ ብዬ የሮሃን ስም እላዩ ላይ ደርቤ ሰፋሁበት፣ ግልግል አልኩ፣ የሰነፍ ሥራ። የሮሃን ጨርቅ የሠራልኝ ኦልድ ካምፓላ፣ መስጊዱ ሥር ያለው ልብስ ሰፊ ነው፣ ሹራቡን ሲያይ ሳቀ፣ ይሄኛውንም እኔ ነኝ የሠራሁት አለ፣ እጁን ያውቀዋላ፣ ያው ጨርቅ ያው ክር፣ የማን ልጅ ነበረች ስለው ሳቁን ተወና ማሽኑን መርገጥ ጀመረ።

ሉዋም ናት ያስረዳችኝ፣ ጎረቤቴ፣ አስመራ ተወልዳ እዚህ ያረጀች፣ የአገሩን ቋንቋ ሉጋንዳን ከባለቤቶቹ በላይ የምታቀላጥፈው፣ ሓፍተይ፣ ናሎንጎ ስም አይደለም አለችኝ፣ መንታ የወለደች እናት ማለት ነው፣ ናካቶ ደግሞ ከሴት መንታዎች ኋላ የወጣችዋ፣ እሺ፣ ታዲያ ናካቶ የታለች፣ ሹራቧ ኦዊኖ ክምር ውስጥ ምን ይሠራል፣ ሉዋም ሮሃን አየት አድርጋ ድምጿን ዝቅ አደረገች፣ እዚህ አገር መንታ ሞተ አይባልም አለችኝ፣ በረረ ነው የሚባለው። በረረ። በስመ አብ። የበረረ ነገር መቼም የሆነ ቦታ ያርፋል። አንቺ ደግሞ፣ አለችኝ ሉዋም፣ ጨዋ ነኝ ብለሽ ዕቃዋን ሞልተሽ ትልኪያለሽ፣ የልጇን ስም አንገቷ ላይ ያደረገች ልጅ ምግቧን እየበላች፣ ዕቃዋ እየሞላ ሲመለስላት ሴትየዋ ምን ትበል፣ እሺ ተባልኩ ነው የምትለው። ተቆጣኋት፣ ጥንቆላሽን ለራስሽ አልኳት፣ እሷም ተናዳ፣ በሩ ላይ ሆና፣ ናካቶ! ብላ ጠራች፣ ለቀልድ፣ ሮሃ ምንጣፉ ላይ ሥዕል እየቀባች ነበር፣ እኔ ሮሃ ስላት ሦስት ጊዜ ካልጮህኩ የማትሰማዋ ልጅ፣ ወዲያው፣ ወዬ፣ ብላ ዞረች። ሉዋም አማተበችና ወደ ቤቷ ሄደች።

ትምህርት ቤት ሄድኩ እንጂ፣ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ እንዴ፣ ማማ ሮሃ፣ ናሎንጎ የምትባል ሠራተኛም ወላጅም የለችንም አለች ቲቸሯ፣ ግቢውን አዙራ አሳየችኝ፣ ዙሪያው ግንብ ነው፣ ከኩሽናው ጀርባ ብቻ፣ ፖሾ፣ የበቆሎ ገንፏቸውን፣ ከሚያበስሉበት አለፍ ብሎ፣ የዝናብ ውሃ መውጫ ቀዳዳ አለ፣ ክንድ ያስገባል፣ ሮሃ እዚያ ጋ ጀርባዋን ሰጥታ ነው ለካ ብሬኳን የምትበላው። ማታ ሮሃን ጠየቅኳት፣ ፊቷን አይተሻል የኔ እናት፣ አይ፣ እጇን ነው፣ እጇ ምን አደረገሽ፣ ምንም፣ ኮሌታዬን ገለበጠና ስሜን አነበበ፣ በምን፣ በጣቷ፣ እንዲህ፣ ብላ አንገቴ ሥር ዳበሰችኝ፣ ጣቷ በረዶ ነው፣ ጨርቁ ላይ ጨርቅ ደርቤ ሰፍቻለሁ እኮ፣ የትኛውን ስም ነው ያነበበችው ብዬ አልጠየቅኋትም፣ ምን ብዬ እጠይቃለሁ። ቀዳዳውን በድንጋይና በሲሚንቶ ደፈንነው ብላ ቲቸሯ ደወለችልኝ፣ በዚያው ቀን ሮሃ ጥፍሯ ተቆርጦ መጣች።

ተቆርጦ። አሥሩም፣ ተስተካክሎ፣ ጫፉ ሳይሾል፣ እኔ ልቆርጥላት ስል ሰፈር ይሰማል፣ ትራገጣለች፣ የምትታረድ ነው የሚመስለው፣ እዚያ ግን አላለቀስኩም ማሚ፣ እጄን በቀዳዳው አስገባሁላት፣ ቀዳዳው ተደፍኗል እኮ ሮሃ፣ ለኔ ክፍት ነው። ለኔ ክፍት ነው። ኧረ በማርያም፣ ቲቸሯን ስጠይቃት እኛ ሰኞ ሰኞ ጥፍር እናያለን እንጂ አንቆርጥም አለችኝ። ለዮፍታሔ ነገርኩት፣ ጁባ ሆኖ በስልክ ይስቃል፣ አንዲት ደግ ሴትዮ ጥፍር ቆረጠችልሽ፣ ተመስገን አትይም እንዴ፣ ባል ነኝ ብሎ፣ አጠገቤ ቢሆን በጥፊ ነበር የምለው።

ትናንት ከትምህርት ቤት አስቀረኋት። ቀኑን ሙሉ መስኮት ላይ ሆና ዋለች፣ ምን ታያለሽ፣ ምንም፣ ማንን ትጠብቂያለሽ፣ ማንንም፣ አዲስ ሹራብ ገዝቼ አለበስኳት፣ ይበርደኛል ብላ አውልቃ ጣለችው፣ አዲሱ የሚበርዳት አሮጌው የሚሞቃት፣ ወይ ጣጣዬ። አመሻሹ ላይ በሩን ስከፍት ቢጫዋ ዕቃ ደጃፌ ላይ ተቀምጣለች፣ ተከድና፣ እንግዳ ይመስል፣ ዘበኛው ማንም አልገባም ይላል፣ የትምህርት ቤቱ ቫን ሹፌር ኡዋይስ፣ ማማ ሮሃ፣ እኔ ዛሬ በናንተ ሰፈር አላለፍኩም ይላል፣ ከፈትኳት፣ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር፣ ስፈታው ጥፍሮቿ። የልጄ ጥፍሮች፣ የተከካ ሩዝ የሚያካክሉ። ልጣለው፣ ላቃጥለው፣ ምን ልሁን፣ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ፣ ከዚያ ነው የገባኝ፣ መለሰችልኝ እኮ፣ ልትወስድብኝ ብትፈልግ ትመልስ ነበር እንዴ፣ እሷም እንደኔ ናት፣ ዕቃ ባዶውን አትልክም፣ የሰው ነገር አታስቀርም፣ ቅልል አለኝ፣ ደቂቃ ላልሞላ ቅልል አለኝ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላው መጣልኝ፣ የኔን ከመለሰች የሷን እየጠበቀች ነው። የሷ ያለው ደግሞ እኔ ቤት ነው።

ስሙን መልሺላት አለችኝ ሉዋም፣ ታርቀናል፣ ስሙን ዕቃዋ ውስጥ ጨምረሽ ላኪላት፣ ከዚያ በኋላ ዕቃዋ ቢመጣም አትቀበዪ፣ ልጅቷን ቤት ብታስቀሪያት ደግሞ ሴትየዋ ደጅሽ ድረስ ትመጣለች፣ አይተሽዋል፣ ከግንቡ ማዶ ብትሆን አይሻልም። ይሻላል። ይኸው ምላጩ፣ ይኸው ሹራቡ፣ ብርሃኑ ደግሞ ስኳር ዕቃው ላይ ሆኖ የራሴን ጥላ ነው የሚያሳየኝ፣ መጀመሪያ የሮሃን፣ ከላይ ያለውን፣ ቀስ፣ ክሩን ብቻ፣ ወጣ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ አሁን የታችኛው፣ ይሄ ነው ጉዱ፣ ክሩ ሱፉ ውስጥ ገብቷል፣ ሥጋ ነው እንጂ ክር አይመስልም፣ ነይ እስቲ አንቺ ልጅ፣ ውጪ፣ እናትሽ ትፈልግሻለች፣ ምን እያልኩ ነው፣ ከማን ጋር ነው የማወራው፣ ወጣ። ሁለቱም ጠረጴዛው ላይ ናቸው፣ ጎን ለጎን፣ ነጭና ነጭ፣ መንታ ይመስላሉ።

ማሚ፣ ስሜን ምን እያደረግሽው ነው።

ወይኔ፣ በድንጋጤ ልሞት፣ መች ተነሳሽ፣ ከኋላዬ ቆማለች፣ ቀሚሷን ለብሳ፣ ጫማዋን ራሷ አጥልቃ፣ ጫማ ማጥለቅ መቼ ትችልና፣ ምንም አላደረግኩት የኔ ሚጣ፣ ነይ ፊትሽን ልጠብሽ፣ ማተቧ አለ፣ አንገቷ ላይ ነው፣ እሰይ፣ ስልኩ ጮኸ፣ ሲንቀጠቀጥ ከስኳር ዕቃው ወደቀና በፊቱ ተደፋ፣ ጨለማ፣ ኡዋይስ ነው፣ ማማ ሮሃ፣ ሐሪ አፕ፣ ጃም አለ ጃም፣ መጣን፣ መጣን ወንድሜ፣ በዳበሳ የግራውን ቢጫዋ ዕቃ ውስጥ፣ ክዳኑ፣ ጭርር፣ የቀኙን ጡት መያዣዬ ውስጥ ሸጎጥኩት፣ የልጄን ስም ነገ እሰፋዋለሁ፣ ዛሬ እኔው ጋ ይዋል፣ ሹራቡን አለበስኳት፣ ደስ አላት፣ ቦርሳ፣ የውሃ ዕቃ፣ ብሬክ፣ ቢጫዋ፣ ዝናብ ልብሱ፣ ሁሉም አለ፣ ነይ እቀፊኝ፣ አይ፣ ይረፍድብኛል፣ ማን ይቆጣሻል፣ ትጠብቀኛለቻ። ሩጪ በይ።

ቫኑ በሩን ዘጋ። ዝናቡ ካፊያ ሆኗል፣ እየነጋ ነው፣ የሰፈራችን የካንሳንጋ ጭቃ ቀይ መሆኑን ይኸው አሁን አየሁት፣ እፎይ፣ ሄደ፣ ስሙ ባለቤቱ ጋ ሄደ፣ ይቅር በዪኝ እህቴ፣ ማን እንደሆንሽ አላውቅም፣ ልጅሽን ነፍስ ይማር እንዳልልሽ በረረች ነው የምትሉት፣ እግዜር ያጽናሽ፣ እኔም እናት ነኝ። የልጄን ስም ከደረቴ አወጣሁ፣ ሞቋል፣ ልስመው ወደ አፌ አስጠጋሁት።

ናካቶ ይላል።

አይ። አይ አይ አይ፣ ብርሃኑ ነው፣ ዓይኔ ነው፣ ላዙረው፣ ናካቶ ይላል፣ ጠረጴዛው ላይ የግራው የማን ነበር፣ ሮሃን መጀመሪያ ነው የፈታሁት፣ መጀመሪያ የፈታሁትን የት አኖርኩት፣ እመብርሃን፣ የልጄን ስም ነው የላክሁላት፣ በገዛ ዕቃዋ፣ ከድኜ፣ ከነልጄ። ኡዋይስ! ኡዋይስ አቁም! እሮጣለሁ፣ አንዱ ነጠላ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ፣ ይቅር፣ ሬዲዮውን ለቆታል ይሄ ደንቆሮ፣ አይሰማም፣ ስልኬ፣ ስልኬ እቤት ተደፍቶ ቀርቷል፣ ባለሞተሩ ቦዳ፣ ማማ እንሂድ የት ነው ይላል፣ ቫኑን፣ ቫኑን ተከተልልኝ፣ ሞተሩ አልነሳ አለው፣ ተወው፣ መታጠፊያው ጋ ቫኑ ዘግየት አለ፣ ጉድጓድ አለ እዚያ ጋ፣ በኋላው መስታወት ትታየኛለች፣ ጀርባዋ፣ ኮሌታዋ፣ ስም የሌለበት ኮሌታዋ፣ ሮሃ! ሮሃዬ! የኔ እናት! አትዞርም፣ ሮሃ! ሌሎቹ ልጆች ሁሉ ዞረው ያዩኛል፣ እሷ ግን አትዞርም፣ አንዴ ብትዞር ኡዋይስን ታስቆመዋለች፣ አንዴ ብቻ፣ የቀረኝ አንድ ስም ነው፣ እጄ ውስጥ ነው፣ እሱን ብጠራ እኔም እሺ አልኩ ማለት ነው፣ በአፌ፣ በራሴ አፍ፣ ቫኑ ሊታጠፍ ነው፣ ሊታጠፍ ነው፣

ናካቶ!

ዞረች።