የሌላው ዴሪን ሰው

ፊንታን መልቪ ሠላሳ አንድ ዓመት በደብሊን የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ የቅድመ አያቱን የትውልድ ቦታ መፈለግ ጀመረ። በእጁ የነበረው አንድ የጸሎት መጽሐፍ ብቻ ነው። በመጨረሻው ባዶ ገጽ ላይ ወንድ አያቱ በእርሳስ «አባቴ ኦወን መልቪ፣ የዴሪን ሰው፣ ሊትሪም» ብለው ጽፈዋል። ሊትሪም ወደሚባለው የአየርላንድ አውራጃ ሄዶ ሲጠይቅ ዴሪን የሚባል መንደር ተገኘ፤ በመንደሩም መልቪ የሚባሉ አንድ ሽማግሌ ተገኙ። ፊንታን የኦወን ወንድም የልጅ ልጅ አድርጎ ቆጠራቸው፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ መረጃ አልፈለገም።

ሽማግሌው ማላኪ ይባላሉ። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ሚስት አላገቡም፤ ዘጠኝ ላሞችና አንድ ጆሮዋ የተቆረጠ ውሻ አሏቸው። ፊንታን ስድስት በጋ ተመላለሰ። ድርቆሽ አብሯቸው ሰበሰበ፣ የጣሪያቸውን ቆርቆሮ ቀየረ፣ ከጓሮ ያለውን ፍርስራሽ ፎቶ አንስቶ ለልጆቹ ላከ።

በሰባተኛው ዓመት አክስቱ ፊሎሚና ሞተች። ከቁም ሳጥኗ ግርጌ አንድ የብስኩት ጣሳ ወጣ። በውስጡ ኦወን ሊያገባ ሲል የተወለደበት ደብር ቄስ የጻፉለት የክርስትና ማስረጃ ነበር። ፊንታን ወረቀቱን ቆሞ አነበበው፤ ከዚያ ተቀምጦ ደገመው። ዴሪን ይላል፤ ደብሩ ግን ሌላ ነው። በዚያው አውራጃ፣ ከማላኪ ቤት በመኪና የአንድ ሰዓት መንገድ ርቆ፣ ከአንድ ተራራ ሥር ሌላ ዴሪን ነበር። ቤተ መዛግብት ሄዶ የዚያን ደብር የክርስትና መዝገብ አገላበጠ። ኦወን ከነአባቱ ከነእናቱ በላቲን ተጽፏል። ከእሱ በላይ የስድስት ታላላቅ ወንድሞቹና እህቶቹ ስም አለ። ከማላኪ ወገን ግን አንድም ሰው የለም።

ደስ ሊለው ይገባ ነበር። አልሆነለትም። ሦስት ሳምንት ወረቀቱን ይዞ ዝም አለ፤ ከዚያ ሄዶ ማላኪን በወጥ ቤታቸው ዳቦ ሲቆርሱ አገኛቸው።

«ጋሽ ማላኪ፣ አንድ የምነግርዎ ነገር አለ።»

«ታመሃል እንዴ?»

«አልታመምኩም። የዝምድናችን ነገር ነው። ተሳስቼ ኖሯል፤ የእኔ ኦወን የሌላው ዴሪን ሰው ነው።» ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋላቸው።

ሽማግሌው ወረቀቱን አልነኩትም። ዳቦው ላይ ቅቤ መቀባታቸውን ቀጠሉ።

«አውቃለሁ» አሉ።

«ምኑን?»

«አያቴ ወንድም አልነበራቸውም። አምስት እህቶች ነበሯቸው፤ አምስቱም ምላሳቸው እሳት። ኦወን የሚባል በዚህ ቤት አልተወለደም።»

«ታዲያ ስድስት ዓመት ሙሉ ዝም ይሉኛል?»

«የመጀመሪያ ቀን የመጣኸው በዝናብ በስብሰህ ነው። ኬክም ይዘሃል። እንዲህ ያለ ሰው በምን አፍ ይመለሳል? ይድረቅና እነግረዋለሁ አልኩ።»

«ደርቄ ነበር እኮ።»

«ያኔማ ቆርቆሮው ላይ ወጥተሃል።»

ፊንታን መቆጣት አማረው፤ የሚቆጣበት ግን አጣ። «ልጆቼ የቅድመ አያታችን ቤት ብለው ያንን ፍርስራሽ ሳሎናቸው ሰቅለውታል።»

«እሱማ የአሳማ ጋጣ ነው» አሉ ማላኪ። «ብላ ይልቅ። ነገ እንሂድና ያንተን እንየው።»

በማግስቱ ሄዱ። መንደሩ የለም። መንግሥት የተከለው የጥድ ደን ከመንገዱ ዳር ጀምሮ ሽቅብ ሸፍኖታል። ፊንታን የመልቪዎች ቤት ምልክት ያለበትን የድሮ ካርታ ይዞ ሲዞር ማላኪ በዱላቸው መሬቱን እየነካኩ ቀድመውት ገቡ።

«ካርታህን እጠፈው። ሳማ ፈልግ። ሳማ ሰው የኖረበትን ቦታ አይለቅም።»

ሳማው ዛፎቹ በሳሱበት አንድ ገላጣ ላይ ተገኘ። ከሥሩ የግድግዳ መሠረት፣ በአንዱ ጥግም እሳት ያጠቆረው የምድጃ ድንጋይ ነበር። ፊንታን ተንበርክኮ እጁን አሳረፈበት። ቀዝቃዛና እርጥብ ነው። ሌላ ነገር ይሰማኛል ብሎ ጠበቀ፤ አልተሰማውም።

ማላኪ በመሠረቱ ላይ በእርምጃ ለኩ። ርዝመቱ ስድስት፣ ወርዱ አራት።

«ስንት ነበሩ ብለኸኛል?»

«ሰባት ልጆች። ከነወላጆቻቸው ዘጠኝ።»

«የትኛው ዘመን ነው?»

«ድንቹ የበሰበሰበት ያ ታላቅ ረሃብ ገና አልለቀቀም ነበር። ኦወን የተወለደው በረሃቡ መጨረሻ ላይ ነው። ከእሱ በቀር ለሠርግ የደረሰ አንድም በመዝገብ አላገኘሁም።»

ሽማግሌው ቆባቸውን አወለቁና ጥቂት ቆዩ። ከዚያ መልሰው ደፉትና «ና፣ እግሬ ደክሟል» አሉ።

በሚቀጥለው በጋ ፊንታን ከደን መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ አውጥቶ፣ መጋዝ ይዞ፣ ከመንገዱ እስከ ምድጃው ድረስ ቀጭን መተላለፊያ ከፈተ። ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። ማላኪ መኪናው ውስጥ ተቀምጠው፣ መስኮቱን ዝቅ አድርገው፣ የትኛው ዛፍ ወዴት እንደሚወድቅ ሲነግሩት ዋሉ።