የፈይሩዛ ጥዶች

ቱሳ መንጃ ፈቃዱ ሳይታደስ ከቀረ ወዲህ ቁጭ ማለት አቃተው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከአሰላ በቆጂ፣ ከበቆጂ ዶዶላ የሕዝብ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሯል። ስኳር የግራ ዓይኑን ሲያደበዝዘው ሐኪሙ ወረቀቱ ላይ ሁለት መስመር ጻፈ፤ በዚያው አበቃ። ዘመድ ሁሉ በሰላም ጨረስክ፣ አልሐምዱሊላህ አለው። እሱም አልሐምዱሊላህ አለ። በማግስቱ ግን ከሱብሒ ሶላት በኋላ ጫማውን አጥልቆ ከበር ሲወጣ ነው የሚሄድበት እንደሌለ ትዝ ያለው።

ሚስቱ ፈይሩዛ አንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ትሠራለች። ጠዋት ወጥታ አመሻሽ ላይ ነው የምትመለሰው። አንድ ልጃቸው ቢፍቱ አዳማ አግብታ እዚያው ወልዳለች። እና ቀኑን ሙሉ ቤቱ ለቱሳ ብቻ ይቀራል። እሱ ደግሞ ቤቱን አያውቀውም፤ ክብሪት የት እንደሚቀመጥ እንኳ ሳይጠይቅ አያገኝም። ሬዲዮ ይከፍታል፣ መልሶ ይዘጋል። ገበያ ይወርዳል፣ ምንም ሳይገዛ ይመለሳል። ለጥቂት ቀን መናኸሪያ መዋል ጀምሮ ነበር። ወጣት ሾፌሮች ባዩት ቁጥር ብድግ ብለው ወንበር ሲለቁለት ግን ያረጀ መሆኑን የነገሩት ያህል ተሰማውና ተወው።

ቤታቸው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ በቆጂ በሚወስደው አስፋልት ዳር ነው። ግቢውን ከአስፋልቱ የሚለየው ፈይሩዛ የተከለችው የጥድ አጥር ነበር። ክረምት ከበጋ አረንጓዴ ነው፣ ሠላሳ እርምጃ ይረዝማል፣ ረጅም ሰው እጁን ቢዘረጋ እንኳ ጫፉን አይነካውም። በዓመት ሁለት ጊዜ ፈይሩዛ ራሷ መሰላል ላይ ወጥታ ትከረክመዋለች። የታችኛው ቅጠል ፀሐይ እንዳያጣ ከላይ ጠበብ፣ ከታች ሰፋ ታደርገዋለች። በዚያ መንገድ የሚሠሩ የባጃጅ ሾፌሮች ሁሉ «የፈይሩዛ ጥድ ጋ» ሲባሉ ሌላ አይጠይቁም።

ቱሳን እረፍት የነሳው ይኸው አጥር ነበር። በረንዳው ላይ ሆኖ አውቶቡሶቹ ሲያልፉ ይሰማል እንጂ አያይም። ማርሽ ዘግይቶ የሚቀይረውን፣ ፍሬኑ የሚንጫረረውን በድምፅ ይለየዋል። ማን ይሆን? ምን ያህል ሰው ጫነ? ዛሬ ምን አዘገየው? እያለ ተነስቶ ወደ በሩ ይፈጥናል። በሩ ሲደርስ መኪናው አልፏል። ይመለሳል፣ ይቀመጣል፣ ሌላ ይመጣል፣ ይነሳል።

የካቲት ላይ አንድ ማክሰኞ ከዕቃ ቤት መጋዝ አወጣ። ሐሳቡ ከወንበሩ ትይዩ ትንሽ መስኮት ለመክፈት ብቻ ነበር። ሦስት ቅርንጫፍ ቆርጦ ተቀመጠና አንድ ቀይ አውቶቡስ ሲያልፍ አየ፤ ደረቱ ቀለል አለው። የሚቀጥለው ግን በደህናው ዓይኑ ሳያነጣጥርበት አመለጠው። ከአሰላ በኩል የሚመጣውን ቀድሞ ለማየት ቀዳዳውን ወደ ግራ አሰፋው። ከዚያ የሚሄደውን በዓይኑ ለመሸኘት ወደ ቀኝ አሰፋው። ይሄኔ አጥሩ የተበላ መሰለና ለማስተካከል ብሎ ከላይ ዝቅ አደረገው። ምሳ አልበላም። አሥር ሰዓት ላይ ቀና ሲል ከአጥሩ ሁለት ሦስተኛው እስከ ወገብ ድረስ ወርዶ፣ ጎንና ጎኑም ተመልምሎ፣ ቅጠል የሌለው ቡናማ እንጨት ተደርድሮ ቀርቷል።

አመሻሹ ላይ ፈይሩዛን ያመጣት ባጃጅ ቤቱን አልፎ ሄደ። ሾፌሩ ጥዱን ሲጠብቅ ነው ያለፈው። እሷም ስልኳን ስታይ ነበር። መለስ ብላ በእግሯ መጣች፤ በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። ቦርሳዋን እንደያዘች አንዱን ጉቶ ዳሰሰችና ማን እንደቆረጠው ጠየቀች። ቱሳ መንገዱን ለማየት ብሎ እሱ እንደቆረጠው፣ ክረምት ሲገባ መልሶ እንደሚበቅል ነገራት። ገብታ ልብሷን ቀየረችና በመንገዱ በኩል ባሉት መስኮቶች ሁሉ አንሶላ ሰቀለች።

ከዚያ ቀን በኋላ በረንዳው ላይ ወጥታ አታውቅም። ወደ ማዕድ ቤት እንኳ በኋላ በር ዞራ ነው የምትሄደው። ቱሳ ለሁለት ቀን መንገዱን ልቡ እስኪጠግብ አየ። በሦስተኛው ቀን ሾፌሮቹ እሱን ማየት ጀመሩ፤ እጃቸውን ያወጡለታል። እሱም እጁን ያነሳል፣ ግን ማን እንደሆነ መለየት አልቻለም። ይሄ ከበፊቱ ይልቅ አቅበጠበጠው።

የበልግ ዝናብ ሲጥል ጠዋት ጠዋት ጉቶዎቹን መዳበስ ልማድ ሆነበት። ዓይኑን ስለማያምነው በጣቱ ነው አዲስ ቡቃያ የሚፈልገው። ጥግ ላይ አብሮ የቆረጠው ግራዋ በሦስት ሳምንት ውስጥ አቆጥቁጦ ጉልበቱ ደርሷል። ጥዱ ምንም የለም። ፍግ አመጣ፣ ውሃ አጠጣ፣ ምንም። ሚያዝያ አጋማሽ ላይ አንድ ቅርንጫፍ ቆርጦ፣ ከተማ መግቢያው ላይ ችግኝ ወደምትሸጠው ወደ ቀለሟ ሄደ።

ቀለሟ ቅርንጫፉን በጥፍሯ ፋቀችና ውስጡን አሳየችው። «ኦቦ ቱሳ፣ ጥድ እንደ ግራዋ አይደለም» አለችው። «አረንጓዴው ላይ ከቆረጡት ያቆጠቁጣል። ቅጠል የሌለው እንጨት ላይ ከወረዱ ግን አይመለስም። ባይጠብቁት ይሻላል።»

ያን ቀን በእግሩ ነው የተመለሰው። ፈይሩዛ ከሥራ ስትገባ ጠብቆ የሰማውን ሁሉ ነገራት። አዲስ እንደሚተክል፣ ብትፈልግ ቆርቆሮ እንደሚያሳጥር ደረደረላት። እሷ ሻርፗን ከትከሻዋ አውርዳ ስታጥፍ ቆየች።

«ለጌጥ የተከልኩት ይመስልሃል?» አለችው።

ቱሳ ቀና ብሎ አያት።

«ቢፍቱ አራት ዓመቷ ነበር። አንተ ዶዶላ አድረሃል። ያኔ አጥራችን ሦስት መስመር ሽቦ ነው። እኔ ልብስ አጥባለሁ፤ እሷ የመኪና ድምፅ ሰምታ አባ መጣ ብላ ሮጠች። በሽቦው ሥር ሾልካ አስፋልቱ መሐል ደረሰች። ገብስ የጫነ መኪና ነው፤ ሾፌሩ መሪውን ጠምዝዞ ቦይ ውስጥ ገባ። ከእሷ እዚህና እዚያ ያህል ነበር።» ከተቀመጠችበት እስከ በሩ አሳየችው።

«ስመጣ ለምን አልነገርሽኝም?» አላት ቱሳ።

«በማግስቱ ትነዳ ነበር።»

ሻርፗን ይዛ ወደ ውስጥ ገባች። ያኔ በዚያው ሳምንት አርባ ችግኝ ገዝታ እንደተከለች፣ ሁለት በጋ ሙሉ ከቦኖ ውሃ በጀሪካን እየቀዳች እንዳሳደገቻቸው በኋላ ከቢፍቱ በስልክ ሰማ። ቢፍቱ ራሷ ቀኑን አታስታውሰውም፤ ታሪኩን ያወቀችው ካገባች በኋላ ነው። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ እሱ ብቻ ነበር ያልሰማው።

ቱሳ ጉቶዎቹን ለመንቀል ሁለት ሳምንት ፈጀ። ፈይሩዛ ሰው ልቅጠርልህ ብትለው እምቢ አለ። ሥሩ እርስ በርሱ ተቆላልፏል፤ በዶማ እየቆፈረ፣ በመጥረቢያ እየበጣጠሰ አወጣው። መኪና ሲያልፍ ቀና ማለቱን አልተወም፤ ግን ወዲያው ያጎነብሳል።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ችግኝ ሊገዛ በቆጂ ሄደ። ቀለሟ ጋ ሞልቷል፤ እሱ ግን ብርድ የለመደ የደጋ ችግኝ ይሻላል አለ። ፈይሩዛ አውቶቡስ ናፍቆት እንደሆነ ገብቷት ተወችው። አውቶቡሱ ውስጥ ከሾፌሩ ጀርባ ተቀመጠ። መጀመሪያ በየመታጠፊያው ቀኝ እግሩ ወለሉን ይረግጥ ነበር። ሳጉሬን ካለፉ በኋላ አንዲት ልጅ ከአንድ ግቢ ወጥታ ወደ አስፋልቱ ስትሮጥ አየ።

«ልጅ!» ብሎ ከወንበሩ ተነሳ።

ሾፌሩ ደንግጦ ፍሬን ያዘ። ልጅቷ አስፋልቱን ሳትረግጥ ዳር ላይ ቆማ፣ እየሳቀች እጇን ለተሳፋሪው ታውለበልባለች። ሾፌሩ በመስታወት አይቶት፣ አባቴ ይረጋጉ፣ እነዚህ ሁሌ እንዲህ ናቸው አለው። ቱሳ ተቀመጠ። ልክ ነው፣ ሁሌ እንዲህ ናቸው። እሱም በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች አልፏል፤ ጥሩንባ ነፍቶላቸዋል፣ ደስ እያለው። ከዚያ እስከ በቆጂ ድረስ ዓይኑ ከመንገዱ ላይ ተነስቶ ከዳር ያሉት ቤቶች ላይ ቀረ። ይሄ አጥር አለው። ይሄ የለውም። ይሄኛው ግማሹ ወድቋል። በዚህ መንገድ ሠላሳ አንድ ዓመት ተመላልሶ አንዱንም ልብ ብሎት አያውቅም ነበር።

ሠላሳ ችግኝ በሁለት ካርቶን አድርጎ፣ አንዱን ጭኑ ላይ ታቅፎ ተመለሰ። ሐምሌ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ተከላቸው። ገመድ ወጠረ፣ በየክንዱ ጉድጓድ ቆፈረ፣ ፍግ ከአፈር ጋር ደባለቀ። ከተከለ በኋላ ያው ቅብጥብጥነቱ ወደ ችግኞቹ ዞረ። በቀን አሥር ጊዜ ይሄዳል፤ ያጠጣል፣ አፈሩን ይነካካል፣ የቆመውን ደግሞ ያቆማል። ሰባቱ ቢጫ ሲሆኑ ቀለሟን አምጥቶ አሳያት። ውሃ በዝቶባቸው ሥራቸው እንደበሰበሰ፣ አፈሩ ጣት ሙሉ ካልደረቀ ውሃ እንዳያሳያቸው ነገረችው። የቀሩትን ኅዳር ላይ ከውርጭ በጆንያ ሸፈናቸው። የሞቱትን በሚቀጥለው ክረምት ተካ።

በሁለተኛው ዓመት መስከረም ትልልቆቹ ወገቡ ደርሰው ነበር። አንድ ቅዳሜ ፈይሩዛ የአጥር መቀሷን ይዛ ወጣች። እንዴት እንደሚከረከም አሳየችው፦ የዘንድሮውን እድገት ጫፍ ብቻ፣ ለስላሳውን፣ ያውም ከሦስት አንዱን። ከዚያ መቀሱን ለእሱ ሰጠችው። ቱሳ አንዱን ጎን ከረከመ። ጠማማ መሰለው፤ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ አድርጎ ሊያስተካክለው መቀሱን ሲከፍት ፈይሩዛ ክንዱን ያዘችው።

«ይሄ ይበቃዋል» አለችው።

እጁ ውስጥ መቀሱ እንደተከፈተ ቆየ። አንድ አውቶቡስ ከኋላቸው አለፈ። ቱሳ መቀሱን ዘጋና ጠማማውን እንደ ጠመመ ትቶ ወደሚቀጥለው ተሻገረ። እሷም የወደቀውን ቅጠል በእግሯ ወደ ዳር እየገፋች ተከተለችው።