የበላቸው ድርብ ርችት

ሐብተ ማርያም ሰው የገደለው በውኃ ተራ ነው። ጎረቤታቸው ኃይለ ጊዮርጊስ ቦዩን ወደ ራሱ ማሳ ቢያዞርበት፣ በያዘው ዱላ አናቱን አንድ ጊዜ መታው። ሰውዬው ቦዩ ውስጥ እንደ ወደቀ ቀረ፤ ገዳዩም በረኻ ገባ። አባቱ አያ በላቸው፣ የትክል ድንጋይ መንደር ጠመንጃ ጠጋኝ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ልጁን በሕልሙ ካልሆነ አላየውም። የሟች ወንድም አድማሴ ደግሞ የበላቸውን በሬዎች ቋንጃ ቆርጦ፣ “ቀጥሎ የልጅህ ነው” ብሎ ልኮበታል።

በስንት ልመና፣ በሃምሳ አንድ ዓመተ ምሕረት ጥር ላይ፣ የሟች እናት እመት ወለተ ሚካኤል “እሺ” አሉ። ሐብተ ማርያም ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ይመጣል፤ እናቲቱ በእጃቸው ያወርዱለታል፤ ደሙ ይደርቃል። ጠመንጃ ሁሉ ግን ከቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ይቆለፋል፤ አንድ ጥይት ከጮኸ ዕርቁ ፈረሰ ተባለ።

ይኼ በላቸውን ከነከነው። ያለ ተኩስ ምን ዕርቅ አለ? የወንዝ ማዶው አገር ልጁ ምሕረት ማግኘቱን በምን ይስማ? በጣሊያን ጊዜ ጎንደር ጋራዥ ሲሠራ ርችት አይቶ ነበር። ሩሲያዎች ሰው ሠራሽ ጨረቃ ሰቀሉ በተባለ ሰሞንም፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ሬዲዮ ሥር ተቀምጦ፣ ሮኬት የሚባለው ነገር በደረጃ እየነደደ እንደሚወጣ ሰምቷል። የዕርቁን ሽማግሎች ቢያስፈቅድ፣ “ሰው ላይ አይውረድ እንጂ ይሁን” አሉት።

የመጀመሪያው ርችቱ ባለ አንድ ቧንቧ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ ተነሥቶ ጋራውን ሊሻገር ጥቂት ሲቀረው ተመለሰና የሚስቱ ወንድም መሪጌታ ወልደኢየሱስ ድርቆሽ ላይ ወደቀ።

“አያ በላቸው፣ ላሞቼን ምን ላብላቸው? ዜማ?” አለ መሪጌታ፣ በተቃጠለው ድርቆሽ ዙሪያ እየተንጎራደደ።

“አወጣጡ ሸጋ ነበር። ባሩዱ ሲያልቅ ግን ባዶውን ቧንቧ አዝሎ ነው የሚሄድ። ውኃው ካለቀ ወዲያ ጋኑን ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ሰው አይተሃል?”

“ባሩድ ጨምርበታ!”

“ባሩድ ስጨምር ቧንቧው ይወፍራል፤ ሲወፍር ይከብዳል። ያው በያው ነው። ሁለት አደርገዋለሁ። ታችኛው ነድዶ ሲያበቃ ይወድቃል፤ ላይኛው ቀለል ብሎት ጋራውን ይሻገርና ገደል ይገባል።”

መሪጌታ ቆም አለ። “የነጠላው ክፋቱም ደግነቱም አንድ ነው። አንዴ ይለኮሳል፣ አንድ ቦታ ይወድቃል። ያንተው ግን ሁለቴ መንደድ አለበት። ላይኛው እንቢ ቢልህስ? ታችኛውስ የሚወድቅ በማን አናት ነው?”

“ከጉብታው ሥር ጦም ባደረው መሬት ላይ። እዚያ ማን አለ?”

“ምነው ትንሹን ነጠላ ወደ ወንዙ ብትተኩሰው? ለድምፅ እንደሆን ይበቃል።”

“ለልጄ ትንሽ አልተኩስም!”

ሦስቴ ሞከረ። ሦስቴም ታችኛው ቧንቧ ጦም ካደረው መሬት መሃል ወደቀ። ላይኛው ግን ሁለቴ ነደደና አንዴ እንቢ አለው። እንቅልፍ የነሳው ያ አንዱ ነው።

በዕርቁ ቀን ከማለዳ ጀምሮ ጉብታው ላይ፣ ከድንጋይ ካቡ ጀርባ፣ ርችቱን አቁሞ ተቀመጠ። ከዚያ ሆኖ ታች ያለው አይታየውም፤ እልልታውን ሲሰማ ሊለኩስ ነው። ታች ደግሞ እመት ወለተ ሚካኤል ለሁሉ የተጣለውን አንድ ዳስ አይተው እግራቸውን ተከሉ።

“ድንጋዩ ሳይወርድ ከገዳይ ዘመድ ጋር በአንድ ጥላ ሥር? እኔ ልጄን ቀብሬያለሁ!”

የአገሩም ወግ ይኸው ነበር። አድማሴና ጎረምሶቹ ደረቅ ቅርንጫፍ በመጥረቢያ ቆራርጠው፣ ባዶ በነበረው ስፍራ፣ ጦም ባደረው መሬት ላይ፣ ሁለተኛ ዳስ ጣሉ። ካብ ጀርባ ላለው ሰው መንገር ለማንም ትዝ አላለው። በላቸውም ይህን ወግ ከልጅነቱ ያውቀዋል፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ግን ከዚያ እንቢተኛ ቧንቧ ሌላ ያሰበው አልነበረም።

ሐብተ ማርያም ጎንበስ ብሎ መጣ። እናቲቱ ድንጋዩን ከአንገቱ አንሥተው እግሩ ሥር አኖሩት። ወደ ዳሳቸው ሲመለሱ እልልታው ቀለጠ። ካቡ ጀርባ በላቸው እያለቀሰ ለኮሰ።

ርችቱ እያፏጨ ወጣ። ታችኛው ቧንቧ በላቸው እንዳሰበው፣ በዚያው መሃል ቦታ፣ እንደ ፍም ቀልቶ ወረደ። ደረቁን የዳስ ቅጠል በስቶ የእመት ወለተ ሚካኤልን ትከሻ ሰበረው። ዳሱ ቦግ አለ። ሴትዮዋን ነጠላቸው እየነደደ ጎትተው ሲያወጧቸው አድማሴ መጥረቢያውን አነሣ።

“ወንድሜን ገድለው እናቴን ሊያቃጥሉ ጠሩን!”

በላቸው ጢሱን አይቶ ቁልቁል እየሮጠ፣ “የኔ ነው! እሳቱ የኔ ነው! ልጁ አያውቅም!” እያለ ከልጁ ፊት ተደነቀረ። መጥረቢያው ሲወርድ ቀኝ እጁን ዘረጋ፤ እጁ ከአንጓው ተቆርጦ አፈር ላይ ወደቀ። ሐብተ ማርያም የአባቱን እጅ ሲያይ ከእግሩ ሥር ያለውን ያንኑ ድንጋይ አነሣና የአድማሴን ግንባር ፈጠፈጠው። አንዴ አይደለም። ሽማግሎቹ እስኪይዙት ስንቴ እንደ መታው የቆጠረ የለም። ዱላና ድንጋይ ተደበላለቀ፤ መስቀል ይዞ የገባው መሪጌታም ጥርሱ ረገፈ። ጢሱ ገለል ሲል አድማሴ ሞቷል፤ ሐብተ ማርያም ከሽማግሎቹ እጅ አምልጦ ቆላውን ይዞ ጠፍቷል።

የበላቸው ሚስት እናኑ የባሏን ክንድ በመቀነቷ ጠፍራ ታስር ነበር።

“እናኑ” አላት፣ ከንፈሩ ደርቆ።

“ዝም በል፣ ደምህ እየፈሰሰ ነው።”

“ላይኛው... ነደደ ወይ?”

እጇ ቆመ። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ዳሱን ነበር ያየ፤ ወደ ሰማይ ቀና ያለ አንድም አልነበረም።

“ልጄ በየት በኩል እንደ ሄደ ሳትጠይቀኝ?” አለችው።

መቀነቱን በጥርሷ ነክሳ አጠበቀችና፣ ራሷን ሳትከናነብ፣ “ሐብቴ! ሐብቴ!” እያለች የቆላውን መንገድ ወረደች። በላቸው ራሱን ረገመ። እየረገመም ዓይኑን ከጋራው ሊመልስ አልቻለም።